ምስጋና ለ«ቀይረን እንየው»

አዳማ ላይ ከፍ ያለ ደብል ጋቢና ማየት ደስ ይላል። ባሌስትራው (የኋላውን የሚሸከመው ድርብርብ ብረት) ሥር ከፍ ማድረጊያ ብሎክ ገብቶለት፣ 33 ኢንች ጎማ ተጫምቶ ከፖስታ ቤት ወደ ፍራንኮ ሲንጎማለል ያየ ሰው ወንዝ ሊሻገር ነው ይላል። የትኛውን ወንዝ ተብሎ አይጠየቅም። በየቀኑ የሚሻገረው የባጃጁን ጎርፍ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።

የዛሬው ምስጋና ግን ለመኪናው አይደለም። ከፍ ካለ በኋላ ፈጣን መንገዱ ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ለሚደረግለት ሕክምና ነው። የሕክምናው መርሕ አጭር ነው፦ ቀይረን እንየው። ሜትር አይወጣም፣ ማዕዘን አይለካም፣ ጥያቄ አይበዛም። አንድ ዕቃ ይወጣል፣ አንድ ይገባል፣ ይነዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይመለሳል። ከከተማው በላይ 136 የንፋስ ተርባይኖች ሌት ተቀን ይሽከረከራሉ፤ የገነቧቸው ሰዎች ይህን ዘዴ ሳያውቁ ቀርተው ስንት ልኬት ለክተው ይሆን? ያሳዝናሉ።

የመጀመሪያው ምስጋና ለጎሚስታው ይድረስ። «አለቃ፣ ባላንስ ነው» ይላል፤ ገና መኪናው ሳይቆም። አራቱም ጎማ ባላንስ ይደረጋል። በስንት ፍጥነት ነው የሚንቀጠቀጠው፣ መሪው ላይ ነው ወይስ ወለሉ ላይ ብሎ ደንበኛን ማስጨነቅ የለም። ነገሩ ግን ሒሳብ ነበረው። 33 ኢንች ጎማ አንዴ ሲዞር 2.6 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ በሰከንድ ከ10 እስከ 11 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ፕሮፔለር ሻፍት (ዘንጉ) ደግሞ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ንጽጽር 3.9 ከሆነ በዚያው ሰከንድ 41 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ የጎማ መንቀጥቀጥ እንደ በቅሎ ሶምሶማ ነው፤ መሪውንና ወንበሩን ይነቀንቃል። የዘንጉ እንደ ንብ ቀፎ ነው፤ ወለሉ ያጉረመርማል፣ መስታወቱ ላይ ከኋላ ያለው መኪና ይደበዝዛል። ይህን ለመለየት መኪናው ውስጥ መቀመጥ ይበቃል። መቀመጥ ደግሞ ስለማይከፈልበት ማንም አያደርገውም።

ሌላም ነፃ ነገር አለ፣ እሱም ተንቋል። መንገዱ ክፍት ሲሆን በ90 እየነዱ ነዳጅ መርገጫውን መልቀቅ፣ ከዚያ እንደገና መርገጥ። ስትረግጥና ስትለቅ መንቀጥቀጡ ከተለዋወጠ የዘንጉ ማዕዘን ነው የሚጠረጠረው። ረገጥክም ለቀቅክም ያው ከሆነ የዘንግ ወይም የጎማ ባላንስ ነው። ቆሞ ሞተሩ በዚያው ዙር ሲነሣም ከተንቀጠቀጠ ዘንጉ ምንም አላጠፋም፤ የሞተር ሱፖርቶ ይታይ።

ሁለተኛው ምስጋና ለመዶሻው ነው። ክሮቸራ (ዘንጉ የሚታጠፍበት የመስቀል መገጣጠሚያ) ይቀየራል። አሮጌው በመዶሻ ይወጣል፣ አዲሱ በመዶሻ ይገባል። አንዷ መርፌ ሮለር (ክሮቸራው የሚዞርባት ቀጭን ብረት) ከካፑ፣ ከክዳኑ ሥር ተጋድማ ብትቀር «ትለምዳለች» ይባላል። ዘንጉ ከመፈታቱ በፊት ከፍላንጁ (ከመገጣጠሚያ ሳህኑ) እስከ ዘንጉ ቱቦ፣ ዘንጉ የሚረዝምበትና የሚያጥርበት ተንሸራታች ጥርስ ላይም ግራና ቀኝ፣ የጣት ጥፍር በምታህል ነጭ ቀለም ምልክት ማድረግ የሚባል የፈሪ ልማድ አለ። ጀግና ምልክት አያደርግም። ጥርሱን እንዳገኘው ይከተዋል፤ አንድ ጥርስ ዘለለ አልዘለለ፣ ዘንግ ዘንግ ነው።

እዚህ ላይ ክሮቸራው ራሱ ያለውን አመል መናገር ግድ ነው። ታጥፎ ሲዞር እኩል አይዞርም፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። እጥፋቱ 3 ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ ከመቶ 0.14 ብቻ ነው፣ ማንም አይሰማውም። በ10 ዲግሪ 1.5 ይደርሳል፣ በ15 ደግሞ 3.5። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ መፍጠንና መዘግየት በሰከንድ 82 ጊዜ ነው፤ ወለሉ ላይ የምትሰማው ማጉረምረም እሱ ነው። መድኃኒቱ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው ክሮቸራ ነው፤ የፊተኛው ያጣመመውን የኋለኛው ያቃናል። ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ የሁለቱ እጥፋት እኩል እንዲሆን፣ የዘንጉ ሹካዎች ጆሮም በአንድ መስመር እንዲቆም። አንዲት ጥርስ ስትዘል የሚፈርሰው ይህ ስምምነት ነው። ባለ ሁለት ቁራጭ ዘንግ ሲሆን ፋብሪካው ያስቀመጠውን አቋቋም መጠበቅ ነው፤ ለዚህም ነበር ነጩ ቀለም።

ሦስተኛው ምስጋና፣ ከሁሉ የሚልቀው፣ ለሽብልቋ ነው። «ለከፍታ መኪና ሽብልቅ ይገባል» የሚለውን ለባለመኪናው ጓደኛው ነግሮታል፣ ለጓደኛውም ሌላ ጓደኛ ነግሮታል፤ ስለዚህ 4 ዲግሪ ሽብልቅ በባሌስትራውና በአክሱ (የኋላ ጎማዎቹ በተያያዙበት ብረት) መካከል ይገባል። ወፍራሙ ጎን በየት በኩል እንደሆነ የሚወስነው ቀድሞ የተገኘው እጅ ነው።

ጉዱ ያለው እዚህ ነው። ጠፍጣፋ ብሎክ ብቻ የገባለት ፒካፕ ሻንሲው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሄደ እንጂ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ (ዘንጉ የሚገጠምበት ጫፍ) አቅጣጫውን አልቀየረም። የላይኛውም የታችኛውም ክሮቸራ እጥፋት ጨመረ፣ ግን እኩል ጨመረ። የኋለኛው ቁራጭ ዘንግ 1.3 ሜትር ከሆነ 5 ሳንቲ ሜትር ብሎክ 2.2 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፣ 10 ሳንቲ ሜትር 4.4። ሽብልቋ ስትገባ ያንን እኩልነት ታፈርሰዋለች፤ ቀድሞ በመጠኑ ያጉረመርም የነበረው አሁን ጥርስ ያንገጫግጫል። ሽብልቅ የሚያስፈልገው የኋላው ሸክል (ባሌስትራውን ከሻንሲው የሚያንጠለጥለው ማያያዣ) ረዝሞ አፍንጫው ወደ ላይ ሲቀና ነው። ወይም ከላይ ድርብ ክሮቸራ ያለው ዘንግ ሲገጠም፤ ያን ጊዜ አፍንጫው ወደ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ያያል፣ ከዚያ 1 ወይም 2 ዲግሪ ዝቅ ይደረጋል፤ ነዳጅ ሲረገጥ ባሌስትራው ተጠማዝዞ ወደ ላይ ስለሚያነሣው። በዚያ ላይ ብሎክ በብሎክ የሚደራርቡም አሉ። እነሱ ከምስጋና በላይ ናቸው።

መለካት ለሚባለው ድክመት ራሱን አሳልፎ የሚሰጥ ካለ አሠራሩ ይኸው፦ ሜዳ ላይ፣ አራቱም ጎማ መሬት ረግጦ፣ መኪናው እንደ ወትሮው ተጭኖ። በክሪክ ተነሥቶ አክሱ ከተንጠለጠለ የሚነበበው ቁጥር ውሸት ነው። ማግኔት ያለው ዲጂታል ማዕዘን መለኪያ አራት ቦታ ይለጠፋል፦ የካምቢዮው መውጫ ፍላንጅ፣ የፊተኛው ቁራጭ፣ የኋለኛው ቁራጭ፣ የዲፈረንሻሉ ፍላንጅ። የተጎራባቾቹ ልዩነት የየክሮቸራው እጥፋት ነው። በመሀልና በዲፈረንሻል ያሉት በ1 ዲግሪ ውስጥ ይመሳሰሉ፣ በአስፋልት ፍጥነት ለሚነዳ መኪና ከ3 ብዙ አይራቁ። ዜሮም አይፈለግም፤ ቢያንስ ግማሽ ዲግሪ ካልታጠፈ መርፌዎቹ አንድ ቦታ ቆመው ካፑን ይቦረቡራሉ። ይህ ሁሉ ከአቦል እስከ ቶና ባለው ጊዜ ያልቃል። ስለዚህ አይከበርም።

የዘንጉን ሁለት ቁራጭ መሀል ላይ ደግፎ የሚይዘው የመሀል ኩሽኔታም የድርሻውን ምስጋና ያግኝ፤ በዓመት ስንቴ እንደሚቀየር እሱና ባለቤቱ ያውቃሉ። የሕመሙ ምልክት ግልጽ ነው፦ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ከ10 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይንገዳገዳል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ማቀፊያ ላስቲኩ ሳይቀደድ አዲስ ኩሽኔታ ይገባለታል፤ ማዕዘኑ ግን ያው አሮጌው ነው፣ የአዲሱን ላስቲክ ይቀደዋል። መድኃኒቱ፦ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ስፔሰር (ማራራቂያ) በኩሽኔታው ቅንፍና በሻንሲው መካከል፣ ሁለቱም ጎን እኩል፣ ረዘም ባለ ቡሎን፤ ከዚያ እንደገና መለካት። ስፔሰሯ ቶርኖ ቤት የምትሠራ ብረት ናት። ርካሽ ስለሆነች አትታመንም።

በያጁን መርሳት ነውር ነው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ዘንጉን በሌላው አይቶ «ቀጥ ብሏል» ይላል። ሰዓት መሰል መለኪያ ተደግኖበት ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ቢወላገድም ዓይኑ አይወላገድም። ቱቦው ላይ ዝገት ያልነካው አራት ማዕዘን ጠባሳ ካለ የባላንስ ክብደቱ ወድቋል ማለት ነው፤ ወደ ወንጂ የወረደ መኪና ከሆነ ደግሞ የደረቀው ጥቁር ጭቃ ብቻውን ባላንሱን ያፈርሳል፣ መጀመሪያ ይታጠብ። ከታጠበ በኋላ ሁለት ፋሸታ (በቡሎን የሚጠብቅ የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ዘንጉ ላይ ጎን ለጎን አስሮ ቡሎናቸውን እያዞሩ መሞከር ከባዱን ጎን ያሳያል። ግን ይህ ልኬት ስለሚመስል አይወደድም።

ሁሉም ከተቀየረ በኋላ የሚቀረው ሕክምና ቴፑ ነው። እስከ 30 ከፍ ሲል መንቀጥቀጡ ይጠፋል።

ቴፑ ካልበቃ መኪናው ለሽያጭ ይወጣል። ገዢው የሚሞክረው ከተማ ውስጥ፣ በባጃጅ መካከል ነው፤ እዚያ ከ40 ያለፈ የለም። ማስታወቂያውም ተለጥፏል፦ «ሞተር ያልተነካ። ክሮቸራ አዲስ፣ የመሀል ኩሽኔታ አዲስ፣ አራቱም ጎማ ባላንስ የተደረገ።» አንዲት ቃል ውሸት የለበትም።