ጄቱ የሚያርፍበት ወለል

ጎንደር ፒያሳ ቡና ስጠጣ ጥቂት ወጣቶች ስልክ ከበው ቪዲዮ ሲያዩ አገኘኋቸው። ተዋጊ ጄት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ሲያርፍ ያሳያል። ክርክሩ ወዲያው ጦፈ፤ የአሜሪካው ይበልጣል፣ የለም የቻይናው፣ የቱ ይፈጥናል፣ የቱ ብዙ ሚሳይል ይሸከማል። «ያን የሚያህል ጄት በዚያች አጭር ወለል ላይ እንዴት ቆመ?» ብሎ የጠየቀ ግን አንድም አልነበረም። የፊዚክስ መምህር ነኝና አንገበገበኝ።

የአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያችን መንደርደሪያ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። በመርከብ ላይ ያለው ማረፊያ የዚያን አንድ አሥረኛ ያህል ቢሆን ነው፤ እሱም በማዕበል ይወዛወዛል።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1945 እንግሊዛዊው አብራሪ ኤሪክ ብራውን ቫምፓየር የተባለውን ጄት «ኦሽን» በተሰኘው መርከብ ላይ አሳረፈ። ይቻላል ተባለ። ፈተናው የበዛው ከዚያ በኋላ ነው። የፒስተን ሞተር ነዳጅ ሲጨምሩለት ቶሎ ይጎለብታል፤ የዚያ ዘመን ጄት ግን ኃይሉን እስኪያገኝ ሰከንዶች ያልፋሉ። የሚያርፍበት ፍጥነትም ከፍተኛ ነው። ወለሉ ቀጥ ያለ ስለነበር የአውሮፕላኑ መንጠቆ አውሮፕላኑን ይዞ ለማቆም ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ገመድ ከሳተ ከፊቱ መረብ፣ ከመረቡ ወዲያ ደግሞ የቆሙ አውሮፕላኖችና ሰዎች ይጠብቁታል። የቃኘው ሻለቃ አርበኞቻችን በኮሪያ ተራሮች ሲዋጉ ከባሕር ላይ ይነሱ የነበሩት የአሜሪካ ፓንተር ጄቶች የሚመለሱት በዚሁ አደገኛ ወለል ላይ ነበር።

በ1951 ዴኒስ ካምቤል የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ማረፊያውን በጥቂት ዲግሪ ወደ ግራ እናዘንብለው አለ። በቃ፣ ይኸው ነው! ገመዱን የሳተ አብራሪ ከፊቱ ባዶ ባሕር ብቻ ስለሚያገኝ ተነስቶ ዞሮ ይሞክራል። ዛሬም አብራሪዎች ጎማቸው ወለሉን እንደነካ ለሞተሩ ሙሉ ኃይል የሚሰጡት ለዚህ ነው። አሜሪካኖች ሐሳቡን በ1953 «አንቲታም» በተባለው መርከባቸው ላይ ተግባራዊ አደረጉት። እንግሊዛዊው ኮሊን ሚቸል ደግሞ ከባዶቹን ጄቶች በመርከቡ እንፋሎት ማስወንጨፍ እንደሚቻል አሳየ።

ልቤን የሚነካው ግን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንኑ የኒኮላስ ጉድሃርት ነገር ነው። ቀድሞ አብራሪውን የሚመራው ወለሉ ዳር ቆሞ በእጁ ምልክት የሚሰጥ ሰው ነበር፤ ለጄት ፍጥነት ይህ አልበቃም። ጉድሃርት አንዲት መስታወት ጠረጴዛ ላይ አቆመ፤ የእጅ ባትሪ አበራባት፤ መሐሏ ላይ በሊፕስቲክ መስመር አሰመረ። ከዚያ ጸሐፊዋን፣ የብርሃኑን ነጸብራቅ ከመስመሩ ሳታስለቅቂ ወደ ጠረጴዛው ተጠጊ አላት። እየተጠጋች፣ እየተጠጋች ሄዳ አገጯ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። አብራሪዎችን በትክክለኛው ቁልቁለት ወደ ወለሉ ያወርድ የነበረው የማረፊያ መስታወት መነሻው ይህ ነው።

ባሕር የሌለን እኛ ይህ ምን ይፈይድልናል የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ጄቱን መግዛት የሚችለው መንግሥት ነው፤ ለዚያውም ባለጠጋ መንግሥት። የብርሃን ነጸብራቅ፣ የእንፋሎት ግፊትና ማዕዘን ግን ልጆቻችን ለፈተና ሸምድደው የሚረሷቸው የመጽሐፋቸው ምዕራፎች ናቸው። የምናስተምረው ቀመሩን ነው፤ ቀመሩ የፈታውን ጭንቀት አንነግራቸውም። በዚህ እኛ መምህራን ተጠያቂዎች ነን።

ሰኞ ጠዋት መስታወት፣ የእጅ ባትሪና ሊፕስቲክ ይዤ ክፍል እገባለሁ። ቡና ቤት ያገኘኋቸውንም ልጆች ጋብዣቸዋለሁ።