ትኩሳቱ ሲበርድ ነው መፍራት

የድሬዳዋ ወገኖቻችን፣ እናንተም በሎጊያና በሚሌ ያላችሁ፣ ሳትቀየሙ ስሙን። በትንኝ ንድፊያ የሚተላለፈው ደንጌ የተባለ የትኩሳት በሽታ ከያዘው ሰው አጠገብ ተቀምጣችሁ የፓፓያ ቅጠል እየወቀጣችሁ ጤና ጣቢያ መሄዱን ለነገ ማለታችሁ ያሳዝነናል፤ ያስቆጣናልም።

ቅጠል አንንቅም። ዛሬ ወባን የምናክምበት አርቴሚሲኒን ከቅጠል የወጣ ነው። ወባ ግን ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ደንጌ ደግሞ ቫይረስ ነው። ደንጌን የሚያጠፋ የጸደቀ መድኃኒት እስካሁን ከፋብሪካም ከጓሮም አልተገኘም። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ቫይረሱን ያዳክመዋል፤ ስንጠጣው ግን ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው፣ ያለፈውንም ጉበት ቶሎ ይሰባብረዋል። ከአንድ የአውስትራሊያ ዛፍ ፍሬ ከሚገኝ ንጥረ ነገር የተሠራው ሴልጎሲቪር የተባለ መድኃኒት ደንጌ የያዛቸውን አይጦች ከሞት አድኖ ነበር። ሲንጋፖር ውስጥ በ50 የደንጌ ሕሙማን ላይ ሲሞከር ግን ቫይረሱንም ትኩሳቱንም ይህ ነው በሚባል መጠን አልቀነሰም። ስንት ተመራማሪ የደከመበት ንጥር መድኃኒት ያልቻለውን፣ መጠኑ ያልታወቀ የአንድ ኩባያ ጭማቂ ይችለዋል ብላችሁ የቤተሰባችሁን ሕይወት አታስይዙ።

«ፓፓያ ጠጥቶ ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያግዘው የደም ክፍል) ከፍ አለ» ትላላችሁ። ከፍ እንደሚያደርግ የጠቆሙ ጥናቶች አሉ። ነገር ግን ፕላትሌት በሕመሙ መካከል ዝቅ ብሎ፣ ከሳምንት ገደማ በኋላ ቅጠል ባልቀመሰ ሰው ላይም በራሱ ይመለሳል። ደግሞስ ደንጌ በብዛት የሚገድለው የፕላትሌት ቁጥር ስላነሰ ሳይሆን፣ የደሙ ፈሳሽ ከሥሮቹ ሾልኮ ወደ ሆድና ወደ ደረት ስለሚፈስ ነው። ይህን የሚያቆም ጭማቂ የለም።

ይህ መፍሰስ የሚጀምረው ደግሞ በሕመሙ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን፣ ትኩሳቱ ሲለቅና እናንተ «ተመስገን፣ ቅጠሉ ሠራ» ስትሉ ነው። የሚቀጥሉት ከ24 እስከ 48 ሰዓታት ከሁሉም የከፉ ናቸው። ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ድዱ ከደማ፣ ከተቁነጠነጠ ወይም ከፈዘዘ፣ እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ሽንቱ ካነሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ሂዱ።

ቤት እያለ ፓራሲታሞል ብቻ ስጡት፤ ለአዋቂ ከ500 ሚሊ ግራም እስከ 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም አይለፍ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ መድማትን ስለሚያባብሱ አይነካ። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (ከሰውነት የወጣን ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት) በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ ቀስ በቀስ አጠጡት። ቅጠል የወሰደ እንደሆነ ለነርሷ አትደብቁ፤ ደንጌ ጉበትን ይጎዳል፣ አንዳንዱ ቅጠልም እንዲሁ። የኒም ዘይት ለሕፃን ማጠጣት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ ያንቀጠቅጣል፣ አንጎልን ይጎዳል።

ለቅጠል የምታጠፉትን ጉልበት ለበርሜሉ ስጡት። ደንጌን የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ነው የምትነድፈው፤ የምትፈለፈለውም ውኃ ይጠፋል ብላችሁ ባጠራቀማችሁበት በርሜል፣ በጀሪካንና ደጅ በተጣለ ጎማ ውስጥ ነው። ውኃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ እንቁላሉ ከውኃው መስመር ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ደርቆም ወራት ይቆያል፣ ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ በየሳምንቱ ውስጡን በብሩሽ ፈትጉት፣ እጠቡት፣ ቀዳዳ በሌለው ክዳን ወይም በደቃቅ ወንፊት ጨርቅ አፉን አጥብቃችሁ እሰሩት።