ጎዳንቱ ከፓርኩ በፊት ነበር

ስለ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የወጣው ጽሑፍ፣ በፓርኩ ደቡብ ያለውን የሐረና ደን አርቢዎች በጅምላ «ሕገ ወጥ ሰፋሪዎች» ማለቱ ልክ አይደለም። ያደግኩት ከደኑ በታች ባለችው ዶሎ መና ነው። ጎዳንቱ የምንለው ወቅታዊ የከብት ጉዞ ከፓርኩ በፊት የነበረ ነው። በጋው ሲበረታ ከብቱ ጥላና ግጦሽ ፍለጋ ደኑ ውስጥ ይገባል፤ እርሻው ሰብል ሲይዝ ወደ ደጋው ይወጣል። የባሌ ተራሮች ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ወሰኑ በሕግ የጸደቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። 44 ዓመት! እስከዚያ ሰው ወሰኑን በምን ይወቅ? አባቴ ለቀበሌ ግብር የከፈለበት ደረሰኝ በእጁ ነበር። ሌላ መሥሪያ ቤት መጥቶ እዚያው መሬት ላይ «ውጣ» አለው። ሁለቱም መንግሥት ናቸው፤ ተነጋግረው አያውቁም። በጽሑፉ ላይ «ከብቱ ይውጣ፣ ደኑ ይድናል» ብለህ አስተያየት የሰጠኸው ወንድሜ፣ ደኑ መጠበቅ እንዳለበት እስማማለሁ። ከባሌ ተራሮች የሚወርደው ውሃ ሶማሌ ክልል ድረስ ሰውና ከብት ያጠጣል። ነገር ግን ወቅት ጠብቆ የሚያልፍ አርቢና ደን መንጥሮ ቤት የሠራ ሰው በአንድ መዝገብ መጻፍ የለባቸውም። ከአርቢው ጋር መተላለፊያውንና ወሩን ተቀምጦ መወሰን ይቻላል። ሽማግሌዎቹ ዛሬም አሉ፤ መንገዱንም ከማንም በላይ ያውቁታል።