ከአሸዋው ላይ ውረዱ

በባሕር ጠረፍ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ሳላለሳልስ ልናገር። ወጀብ ቤታችሁን ባጥለቀለቀ ማግስት መንግሥትን ትወቅሳላችሁ፣ የአየር ንብረት ለውጥን ትረግማላችሁ። ሁለቱም የሚወቀሱበት አያጡም። በቤታችሁና በባሕሩ መካከል ቆሞ የነበረውን የአሸዋ ክምር ማን አፈረሰው ሲባል ግን ሁሉም ዝም ይላል። ያፈረስነው እኛው ነን። ገሚሳችን በእግራችን፣ ገሚሳችን በመኪናችን፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ «መስኮቴን ጋረደኝ» ብለን በዶዘር።

ያ ክምር እንዴት እንደቆመ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነፋስ ደረቁን አሸዋ እየጠረገ ወደ የብስ ይነዳል። መንገዱ ላይ ሞገድ የተፋው የባሕር አረም ወይም አንዲት የሣር ጉንጉን ስታጋጥመው ጉልበቱ ይቀንስና የተሸከመውን እዚያው ያራግፋል። ሣሩ ቢቀበርም አይሞትም። በአውሮፓ ጠረፍ የሚበቅለው የአሸዋ ሣር በዓመት እስከ 1 ሜትር አሸዋ ቢከመርበት እንኳ ሰንጥቆ ይወጣል፤ በተቀበረው ግንዱ ላይም አዲስ ሥር እያበቀለ አሸዋውን ጠፍሮ ይይዛል። ክምሩ ከፍ የሚለው በዚህ መንገድ ነው። ይህን ሁሉ የሚችል ሣር ታዲያ የሰው ተረከዝ አይችልም። ደጋግመው ሲረግጡት ይደርቃል፣ መሬቱ ይመለጣል፣ ነፋስ በዚያ ገብቶ ይቦረቡረዋል። ወደ ውኃው ቶሎ ለመድረስ ያበጃችኋት አቋራጭ ውላ አድራ ሰፊ በር ትሆናለች። ወጀቡም የሚገባው በዚያው በር ነው።

«የኮንክሪት ግድግዳ ይሠራልን» የምትሉም አላችሁ። ግድግዳ የሚያስፈልግበት ቦታ መኖሩን አልክድም። ነገር ግን ግድግዳ የሞገዱን ጉልበት መልሶ ይወረውረዋል፤ የተመለሰው ጉልበት ከፊት ለፊቱ ያለውን አሸዋ እየጋጠ ዳርቻውን ያጠብበዋል። የአሸዋው ክምር አሠራር ሌላ ነው። ሞገድ ሲመታው ይናዳል፣ አሸዋው ወደ ባሕሩ ይወርዳል፣ ከውኃው ሥር ይጋደማል፤ ተከታዩም ሞገድ ገና ከሩቁ በዚያ ላይ ይሰበራል። ባሕሩ ሲረጋ ትንንሽ ሞገዶች አሸዋውን ቀስ እያሉ ይመልሱታል፣ ነፋስም ወደ ቦታው ያወጣዋል። ክምሩ የክፉ ቀን ቀለብ ነው፤ ወጥቶ ይበላል፣ ደግሞ ይጠራቀማል። እኛ ግን ጎተራውን በደህናው ቀን አራቁተን በክፉው ቀን እጃችንን እንዘረጋለን።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የመስኮቱ ጉዳይ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት ሎንግ ቢች የምትባለው ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 የአሸዋ መከላከያ ይሠራልሽ ሲባል እምቢ አለ። ከተቃዋሚዎቹ ምክንያቶች አንዱ ባሕሩ አይታየንም የሚል ነበር። ጎረቤቶቿ ፖይንት ሉክአውትና ሊዶ ቢች ግን 4.5 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ክምር ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ የተባለው ወጀብ መጣ። ጎረቤቶቿ ከከባዱ ጥፋት ተረፉ፤ ሎንግ ቢች ቢያንስ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ንብረትና መሠረተ ልማት አጣች።

በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ሃርቪ ሲዳርስ በምትባል ከተማ ደግሞ የአንድ ቤት ባለቤቶች ክምሩ እይታችንን ሸፈነ ብለው ከሰሱና 375,000 ዶላር ተፈረደላቸው። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ያን ፍርድ ሻረው፤ ካሳ ሲተመን ክምሩ ለቤቱ የሰጠው ጥበቃም ይቆጠር አለ። በመጨረሻ ጉዳዩ በ1 ዶላር ስምምነት ተዘጋ። አንድ ዶላር! በእኔ ግምት እሱም በዛ።

ጊዜውም እንደ ድሮው አይደለም። የዓለም የባሕር ወለል እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 ድረስ ወደ 20 ሴንቲሜትር ከፍ ብሏል፣ ፍጥነቱም እየጨመረ ነው። ውኃው ከመነሻው ከፍ ሲል፣ ትናንት ደጃፍ የማይደርስ ተራ ወጀብ ነገ ሳሎን ይገባል። የአሸዋ ክምር አሸዋና ሥፍራ ካገኘ ከባሕሩ ጋር ከፍ ማለት፣ ወደ ኋላም ማፈግፈግ ይችላል። ኋላው ላይ ቤት ከደረደርንበት ግን መሄጃ ያጣል፣ ባሕሩ ከፊት እኛ ከኋላ ሆነን እንጨፈልቀዋለን። ስለዚህ ከክምሩ ጥግ ቦታ ለመግዛት የምትሽቀዳደሙ፣ እረፉ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ቅጠሉ ደግሞ ርካሽ ነው። ነፋስ የሚያሳልፍ የጭራሮ ወይም የእንጨት አጥር ከሣሩ ፊት ይተከል፤ ድፍን አጥር አይሆንም፣ ግማሽ ያህሉ ክፍት ሲሆን ነው አሸዋ የሚይዘው። የአካባቢው ሣር እርጥበት ባለበት ወራት ጠለቅ ተደርጎ ይተከል፤ ከውጭ የመጣ ጌጠኛ ተክል አታምጡብን። ሞገድ የተፋውን አረም ለዓይን አያምርም ብላችሁ በትራክተር አታስጠርጉት፣ አዲሱ ክምር የሚጀምረው ከእሱ ነውና። መሻገሪያው ከፍ ያለ የእንጨት ድልድይ ይሁን። ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ2011 ዛንድሞተር በተባለው ሥራቸው 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ በአንድ ቦታ ደፍተው፣ ነፋስና ሞገድ በጠረፋቸው ላይ እንዲያከፋፍሉት ተዉት። ያን ያህል ገንዘብ የለንም የምትሉ፣ ሰው ክምሩን እንዳይረግጥ ዙሪያውን ገመድ ለመወጠር ስንት ይፈጃል?

ለፎቶ ብላችሁ ያን ገመድ እየዘለላችሁ ክምሩ ጫፍ ላይ የምትቆሙ ወጣቶችም አላችሁ። የተተከለው ሣር ገና ሥር አልያዘም። ውረዱና በድልድዩ ዙሩ፤ ባሕሩ ከዚያም ይታያል።