ውሃ ላይ መቆም በሰዓት ስንት ነው?

የአዲስ አበባ ሰው መቆም ያውቅበታል። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ይቆማል። ነዳጅ ጠፋ ሲባል ማደያ ይቆማል። ጉዳይ ለማስፈጸም ሄዶ «ሲስተም የለም» ይባላል፤ ሲስተሙ እስኪመጣ ይቆማል። ይሄ ሁሉ በነጻ ነው። ታዲያ አንዷ የመሥሪያ ቤታችን ልጅ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ፣ ኬንያ ዲያኒ ባሕር ዳርቻ ድረስ ሄዳ፣ ለመቆም በዶላር ከፍላ መጣች ሲባል ማን ዝም ይላል? ስታዲየም ጀርባ ጀበና ቡና የምንጠጣባት ጥግ ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

ዕቃው ፓድልቦርድ ይባላል፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ሰው የሚቆምበት ሰሌዳ ነው። ርዝመቱ ከ3 ሜትር ያልፋል፤ ወርዱ ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። የኛ የታክሲ ረዳት ቢያገኘው «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ገና ሦስት ሰው ይይዛል» ብሎ ይሞላው ነበር። እነሱ ግን አንድ ሰው ብቻ ያቆሙበታል። ረጅም መቅዘፊያ ያስይዙታል። እየቀዘፈ ይሄዳል። የት? የትም። ዞሮ እዚያው ይመለሳል።

ነገሩ የመጣው ከሃዋይ ነው። ዋይኪኪ በሚባለው ባሕር ዳርቻ ሰርፍ፣ ማለትም በሰሌዳ ማዕበል መጋለብ፣ የሚያስተምሩ ልጆች ሰሌዳቸው ላይ ቆመው እየቀዘፉ ቱሪስቶቹን ፎቶ ያነሡ ነበር ይባላል። እንግዲህ ገና ከጥንስሱ ነገሩ የፎቶ ነው። የጣና ሰው የደንገል ታንኳው ላይ ማገዶ ጭኖ ባሕር ዳር ሲገባ ግን «እንዴት ነው ቫኬሽን?» ያለው የለም።

ወደ ኪራዩ እንምጣ። እኛ ለኪራይ እንግዳ አይደለንም። ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ የሙሽራ ልብስ ተከራይተን ነው ያደግነው። ሕጉም አይጠፋንም፦ መታወቂያ ይያዛል፣ ሲመለስ ብርጭቆ ጎደለ ተብሎ ይጨቃጨቃል። እዚያ ግን ሰሌዳውን የሚያከራየው ልጅ «ፓስፖርት አስይዢ» አላት። «ፓስፖርቴን? እሱን ለማውጣት ስንት ቀን እንደቆምኩ ታውቃለህ?» ልጁ አያውቅም። በጥሬ ብር መያዣ ተስማሙ። ቀጥላ «የመጨረሻውን ንገረኝ» አለች። እሱ የነገራት የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ያው ነበር። ዶላሩን በልቧ ወደ ብር መነዘረች። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ነገር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይሄ ስሌት ለጤና ጥሩ አይደለም። ገና ሰሌዳው ላይ ሳትወጣ እግሯ ተንቀጠቀጠ።

ልጁ የሕይወት ጃኬት አለበሳት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቁርጭምጭሚቷን ከሰሌዳው ጋር በገመድ አሰረው። ገመዱ ለደኅንነት ነው፤ ሰው ሲወድቅ ሰሌዳውን ንፋስ ይዞት እንዳይሄድና የሚንሳፈፍ ነገር እንዳያጣ። እሷ ግን ንብረቱን ይዛ እንዳትጠፋ መሰላት። «ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነው የምሰወርበት?» ብላ ተቆጣች። ገመዱን ግን አላስፈታችም።

አወጣጡ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ መሃሉ ላይ ትንበረከካለህ። ከዚያ እግርህን አንድ በአንድ፣ በትከሻህ ስፋት። ጉልበት ለቀቅ ይላል፣ ዓይን ሩቅ ያያል። እግርህን ካየህ ሄድክ። ይሄ የመጨረሻው ትእዛዝ ነው ለአዲስ አበባ ልጅ የማይሆነው። እኛ ዓይናችንን ከእግራችን አንሥተን ስንሄድ ክዳኑ የተሰረቀ ቱቦ ይጠብቀናል። ልጅቷ በልማዷ ወደ ታች አየች። ጨዋማውን ውሃ ጠጣች።

ይሄን ስትሰማ ቡና የሚያፈሉልን እናት ረከቦታቸውን ትተው ገቡበት። «ልጄ፣ ጴጥሮስም እኮ የሰጠመው ንፋሱን አይቶ ነው። ዓይኑን ከጌታ ባያነሣ ይሻገር ነበር።»

«እሱስ ኪራይ አልከፈለም» አለ የሒሳብ ክፍሉ ልጅ።

መቅዘፊያውንም ገልብጣ ነበር የያዘችው። ጫፉ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፤ ጉብጠቱ ወደ ፊት መዞር አለበት። ጀማሪ ግን ሁሌ ወደ ራሱ ያዞረዋል፣ ወጥ እንደሚጨልፍ። ባለኪራዩ ከዳር ሆኖ ይጮሃል፤ ንፋሱ ወደ ባሕሩ እየገፋ ስለሆነ አትራቂ፣ ተንበርከኪ ይላል። እሷ ያበረታታት መስሏት እጇን ታውለበልባለች። የተከፈለበት ሰዓት እንዲህ አለቀ።

ፎቶው ግን ያምራል፤ እውነት ለመናገር። ፀሐይ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ መነጽር፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። ቢሮው በሙሉ ላይክ አደረገ። አለቃችን ሳይቀሩ «ጎበዝ!» ብለው ጻፉ። ከዚያ የሒሳብ ክፍሉ ልጅ፣ የሰው ደስታ የማይዋጥለት ሰው፣ ስክሪኑን በሁለት ጣቱ ከፈት አደረገው። ከኋላዋ አንድ ሕፃን በባልዲ ይጫወታል። ውሃው ሕፃኑን ጉልበቱ ጋ ነው የሚደርሰው።

ሌላ አገር ቢሆን ወሬው እዚህ ያልቅ ነበር። የኛ ሰው ግን ሁለተኛው ስኒ ላይ ሲደርስ ቢዝነስ ይታየዋል። በአየር የሚነፋ፣ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ዓይነትም አለ ተባለ። የሚፈልገው ግፊት 15 ፒኤስአይ አካባቢ፣ ከመኪና ጎማ ግማሽ ያህል ነው። ጎሚስታ ደግሞ በየማዕዘኑ ሞልቷል። ቢሾፍቱ ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ሆራ አለ፣ ባቦጋያ አለ። ራቅ ካሰኘን ላንጋኖ። ወዲያው ዕቁብ ተቋቋመ። ጸሐፊ ተመረጠ። ጉምሩክ የስፖርት ዕቃ ይለዋል ወይስ ጀልባ በሚለው ቡና እስኪበርድ ተከራከርን።

ቀጥሎ ዋጋው መጣ። ኪራዩ በሰዓት ይሁን ወይስ በፎቶ? በሙሉ ድምፅ በፎቶ ሆነ።

የሒሳብ ክፍሉ ልጅ ብቻ እጁን አላወረደም።

«ከጉልበት በታች ለሆነ ውሃ ቅናሽ ይኖረዋል?»