«ምን ይላል?»

የአዲስ አበባ ሰው ፊደል አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። ከፒያሳ አራት ኪሎ እስኪደርስ የሱቁን ታፔላ፣ የለቅሶውን ማስታወቂያ፣ የታክሲውን ጥቅስ ሁሉ ያነባል። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ስልኩ ላይ የሚጽፈውን ሳይቀር። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ በፊደል ሥዕል መሥራት ራስን ለአራሚ አሳልፎ መስጠት ነው።

ሰዓሊው ወዳጄ ግን ደፈረ። የወሰኔ ኮስሮፍ አድናቂ ነው። ወሰኔ እ.ኤ.አ. በ1950 እዚሁ አራት ኪሎ ተወልዶ፣ አሜሪካ ሆኖ ፊደላችንን ሸራ ላይ እያጎበጠና እያስጨፈረ ስም ያተረፈ ሰው ነው። የዚያ አገር ተመልካች ማንበብ አይችልማ! ቅርጹንና ቀለሙን አይቶ፣ ተደንቆ ይሄዳል። የወዳጄ ሥዕሎች የተሰቀሉት ግን አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ነው።

አንድ ጡረተኛ መምህር ማኪያቷቸውን አስቀምጠው ተነሱ። በጃንጥላቸው ጫፍ ሸራውን ነካ አደረጉና፣ «ልጄ፣ የዚህ ‹ቀ› እግሩ የት ሄደ?» አሉ።

«ጋሼ፣ ሥዕል እኮ ነው።»

«ቢሆንስ? ደግሞ ይሄኛው ሐመሩ ‹ሐ› ነው ሀሌታው?»

231 ፊደል ያለው ሕዝብ የሚያርመው አያጣም። አንዱ ከግራ ወደ ቀኝ ይሞክራል፣ አንዱ ከላይ ወደ ታች። ሁሉም መጨረሻ ላይ አስተናጋጇን «ምን ይላል?» ይላታል። እሷም ሲሰለቻት «‹ዱቤ የለም› ነው የሚለው» ማለት ጀመረች። አንዳንዱ ደንበኛ ይህን ሰምቶ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። እውነቴን ነው፣ ለዚያ ሥዕል ከተሰጡት ትንታኔዎች ሁሉ የተሻለው የእሷ ነበር።

ወዳጄ ተማረረና ማንም ወደማያነበው ፊደል ዞረ። ቻይንኛ የሚመስል ነገር በወፍራም ብሩሽ፣ በጥቁር ቀለም ለቀቀው። ካፌው ጸጥ አለ። ያቺን አንዲት የ«ቀ» እግር አሳደው የያዙት መምህር፣ አሥራ ምናምን ጭረት ተደራርቦበት እያዩ «ጥልቅ ነው» ብለው ተቀመጡ። ያልገባን ነገር ፊት ስንቆም እንዴት ጨዋ እንደምንሆን! አንድ ወጣት ፎቶ ተነሳበት፤ ሌላው ክንዱ ላይ ሊነቀሰው ጠየቀ። ምን እንደሚል ግን ማንም አልጠየቀም።

ታዲያ ቻይና አዲስ አበባ ውስጥ ይጠፋል? አንድ ቀን አንድ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ቡና ሊጠጣ ገባ። ሸራው ፊት ቆመ። ጭረቱን በጣቱ አየር ላይ ተከተለ፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጣቱን ሰበሰበና ራሱን ነቀነቀ። ጃንጥላ አልያዘም እንጂ ቁርጥ መምህሩን!

የኮሪያውም አላዋጣም። ንጉሥ ሴጆንግ ያንን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1446 ሲያውጅ፣ አብሮ የወጣው ማብራሪያ ብልህ ሰው ረፋድ ሳይሆን እንደሚለምደው ይናገራል። ድራማ ስታይ የምታድረው ገንዘብ ተቀባይ ደግሞ ከብልህም በላይ ናት። ከማሽኑ ጀርባ ሆና ጮክ ብላ አነበበችለት።

«የሳባን ለምን አትሞክርም? አምስት ኪሎ ሙዚየም ሄደህ ድንጋዩን አይተህ ና» አልኩት።

«ተወኝ! ‹የማን ነው?› ብለው ሲጣሉበት የካፌው ስኒ ያልቃል።»

በመጨረሻ ሹ ቢንግ የሚባለውን ቻይናዊ ሰዓሊ መንገድ ያዘ። ሰውየው ዓመታት ፈጅቶ ወደ 4,000 የሚጠጉ ፊደላት ከራሱ ፈጥሮ፣ እንጨት ላይ ቀርጾ ያተመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ቤይጂንግ ላይ ለእይታ ሲያቀርበው ከቻይናዎቹ አንድም ማንበብ የሚችል አልተገኘም። ትርጉም የላቸውማ! ወዳጄም የራሱን ፊደል ፈጠረ። ቀይና ጥቁር ቀለም፣ ረጅም ጠባብ ሸራ፣ መሀል መሀሉ ላይ ዓይን የሚመስል ነገር። እኔ በበኩሌ ከሥራው ሁሉ ይሄኛውን ወደድኩት።

የካፌው ባለቤት ግን ገና ከበሩ ሲያየው አማተበ። «አስማት ነው። አውርድልኝ፣ ደንበኛ ያሸሽብኛል!»

ሲያወርደው ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት ወፈር ያሉ ነጋዴ ወይዘሮ ጠሩት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይሄ ለገበያ ነው ለመስተፋቅር?» አሉት።

የወሩ ኪራይ አልተከፈለም። ወዳጄ ትንሽ አሰበና፣ «ለገበያ ነው እትዬ» አለ።

«እንግዲያው በቁመቴ ልክ ሥራልኝ። ክታብ በባለቤቱ ቁመት ካልሆነ አይሠራም።»

«ዋጋው በሜትር ነው» ሲላቸው፣ ወይዘሮዋ ጎንበስ ብለው ባለተረከዙን ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።