ክብር ለክብሪት

ቅዳሜ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የጎረቤቴ የብረት በር ሲጢጥ ይላል። ቀጥሎ መጥረጊያ ኮረቱን ሲፍቅ ይሰማል፤ ሸረር፣ ሸረር። ከዚያ ጥቂት ዝምታ፣ ከዝምታው በኋላ የክብሪት ጭረት፣ ከክብሪቱ በኋላ የእኔ ሳል። ሳሌን ከቅሬታ እንዳትቆጥሩብኝ። ትልቅ ሰው ሥራ ሲጀምር ጉሮሮን መጥረግ የአክብሮት ወግ ነው።

ዛሬ እኚህን ሰውና መሰሎቻቸውን ላወድስ ተነስቻለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ያለው፣ በግቢው ዛፍ ያለው፣ ከዛፉ ቅጠል የሚረግፍበት፣ የረገፈውንም ቅጠል በክብሪት የሚቀጣ ሁሉ ውዳሴው ይድረሰው። በእኛ አገር ጀግና የሚመሰገነው ከሞተ በኋላ ነው፤ እኔ ግን ጭሱ ከልብሳችን ሳይለቅ ልናገር።

ቅጠል ምን ያህል ነውረኛ ፍጥረት እንደሆነ ያልገባው ብዙ ሰው አለ። ዓመቱን ሙሉ ጥላ ሆኖ ሲያገለግል ይቆይና በጋው ሲጠነክር ማንንም ሳያስፈቅድ መሬት ላይ ይተኛል። መተኛቱ ሳያንስ ሊበሰብስ ያምረዋል። እንግዳ ቢመጣስ? አማት ድንገት ቢገቡስ? «እነ እገሌ ግቢ ቅጠል ወድቆ አየሁ» ተብሎ በዕድር ቢወራስ? ጋሼ (ጎረቤቴን የምጠራቸው እንዲህ ነው) ይኼን ውርደት በሩቁ ያውቁታል። ትልቅ ግራቪሊያ አላቸው፤ ግማሹ ቅጠል በአጥሩ ላይ ወደ እኔ ይረግፋል፣ ግማሹን ደግሞ እሳቸው አንድ ሳያስቀሩ ይጠርጉታል። ግቢያቸው ተጠርጎ ሲያበቃ ከአፈር በቀር የሚታይ ነገር የለም። አፈሩም መረሬ ነው፤ በበጋ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል። ቅጠል ለብሶ ቢሆን እርጥበቱን ይይዝ ነበር፣ ትሉም ከሥር እየቆፈረ ያላላው ነበር። ግን ትል ያለበት ግቢ ምኑ ግቢ ነው?

የአቃጠላቸውን ጥበብ በአጥሩ ቀዳዳ ለዓመታት ተከታትያለሁና ልመስክር። ጀማሪ ሰው ቅጠሉ እስኪደርቅ ይጠብቅና እኩለ ቀን ላይ ይለኩሳል፤ ቦግ ብሎ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ማንም ሳያውቅለት ይቀራል። ጋሼ ግን ጤዛው ሳይነሳ ነው የሚለኩሱት። ክምሩን በመጥረጊያው ጀርባ ጠቅጠቅ ያደርጉታል፣ ከሥሩ የቆየ ጋዜጣ ያስገባሉ፣ በቡና ስኒ ለክተው ነጭ ጋዝ ያርከፈክፉበታል። እሳቱ ሲያኮርፍ ፌስታል ይጨመርለታል። አሁንም እምቢ ካለ ከጓሮ የተበጠሰ ሸበጥ ይመጣል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ቤተሰብ ሁሉ ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው እንዲለይ አዝዞ ነበር፤ ጋሼም ሕግ አክባሪ ናቸው፤ ይለያሉ። ቅጠሉ ከታች፣ ፌስታሉ ከላይ።

ከዚያ በኋላ ነበልባል የለም። ቢጫማ፣ ወፍራም፣ መቸኮል የማያውቅ ጭስ ብቻ። በበጋ ማለዳ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ስለሚያረፍድ ጭሱ ወደ ሰማይ መውጣት አይችልም፤ አጥር ላጥር እየተሳበ በየቤቱ ይገባል። ሰው ጎረቤቱን ለመጠየቅ ጊዜ ባጣበት በዚህ ዘመን ቢያንስ ጭሱን የሚልክ ሰው ማግኘት መታደል ነው። ብናኙ ከሰው ፀጉር ውፍረት ከሃያ እጥፍ በላይ ስለሚያንስ አፍንጫ አያስቀረውም፤ በቀጥታ ወደ ሳንባ ጥግ ይወርዳል። እንግዳን ከደጅ መመለስ ነውር አይደል? እናቴ ዓርብ አጥባ ያሰጣችውን ነጠላ ቅዳሜ ከገመድ አውርዳ እሑድ ቅዳሴ ስትሄድ፣ ካህኑ ጽና ይዘው ከመውጣታቸው በፊት እሷ ታጥና ደርሳለች። ከእኛ ቀጥሎ ባለው ቤት ደግሞ አስም ያለበት ልጅ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ከበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ተነጥፎ ነው የሚያረፍደው። ደጅ ወጥቶ ኳስ ማባረሩን ትቶ ደብተሩን ይዟል፤ ክፍል ውስጥ ደረጃ ቢወጣ ወላጆቹ የማንን ውለታ እንደሚቆጥሩ አላውቅም።

ሰውዬው ታሪክ አያውቁም የሚል ካለ ደግሞ ተሳስቷል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ ወደ 10,000 የሚገመት ሰው ፈጀ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠልና ሰፈሩን ማጠን ልማድ ሆኖ ቀረ፤ ኅዳር ሲታጠን። አያቶቻችን ሳንባ የሚያጠቃ በሽታ ለማባረር በዓመት አንድ ቀን አጨሱ። ጋሼ በበኩላቸው ዝናቡ ካቆመበት ቀን ጀምሮ በልግ እስኪገባ በየቅዳሜው ያጨሳሉ። በሽታው ይመለስ ይሆናል ብለው ከመቶ ዓመት በኋላም ዘብ ቆመዋል። ሳሉ ከዘቡ ቢመጣም ዘብ ዘብ ነው።

አንዳንዴ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ሐሳብ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ሁላችንም አጨብጭበናል፤ ጋሼም ሁለት ተክለው ፎቶግራፍ ተነስተዋል። የተቀረውን ሒሳብ ግን ማንም አላሰበውም። ችግኝ ካደገ ቅጠል ያወጣል። ቅጠል ካወጣ ያረግፋል። ያን ሁሉ ማን አቃጥሎ ይዘልቀዋል? የክብሪት ፋብሪካ ከአሁኑ ይታሰብበት።

ልጅ ሳለሁ ከእንጦጦ ቁልቁል፣ ከቁመታቸው የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ታጥፎ መሬት መሬት እያዩ የሚወርዱ እናቶች በሰፈራችን ያልፉ ነበር። ዛሬም ፈጽመው አልጠፉም። ያ ቅጠል ምጣድ ሥር ገብቶ እንጀራ ያወጣል። እሳትን ለእንጀራ ማንደድ ግን ተራ ሰው ሁሉ የሚሠራው ነው። ያለ ምጣድ፣ ያለ ድስት፣ ያለ ጀበና፣ እንዲያው ለእሳቱ ሲባል እሳት ማንደድ የደላው ሰው ምልክት ነው።

አሁን በጣም ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ሰኔ ሲጠባ በጋሼ በር ላይ የጭነት መኪና ቆሞ ጥቁር አፈር ያራግፋል። የቀን ሠራተኞች በማዳበሪያ እየሞሉ ወደ ግቢ ያስገቡታል። ማዳበሪያ ስል ከረጢቱን ማለቴ ነው። ዳፕና ዩሪያ በ50 ኪሎ ከረጢት ገበሬው ዘንድ ይደርሳል፤ ውስጡ ያለው እርሻ ላይ ይበተናል፤ ከረጢቱ ታጥቦ የእህል፣ የከሰል፣ የድንች መያዣ ይሆናል። ስሙ ግን ከረጢቱን አልለቅ ብሎ አብሮት ከተማ ገባ። እኛ ከተሜዎች ማዳበሪያ ሲባል የምናውቀው መያዣውን ነው፤ የሚያዳብረውን ነገር አይተነው አናውቅም። ስለዚህ ጋሼ ማዳበሪያቸውን አቃጥለው በማዳበሪያ አፈር ሲያስገቡ አንዳች ግራ የሚያጋባ ነገር አይታያቸውም። የቅጠሉን ናይትሮጅን ለጭሱ ሰጥተዋል፣ አመዱን ለነፋስ መርቀዋል፤ ያንኑ ነገር ከሌላ ሰው መሬት ተዝቆ ሲመጣ ደግሞ ተከራክረው፣ ገንዘብ ቆጥረው ይገዙታል። ገበያው እንዳይቀዘቅዝ የሚጨነቅ ዜጋ እንዲህ ነው።

ኋላ ቀሮቹንማ ተዉአቸው። ጉራጌ አገር ያለች እናት ከቤት የጠረገችውን፣ ከበረት የዛቀችውን ሁሉ ወስዳ እንሰቷ ሥር ትደፋለች፤ ከዚያ እንሰቱ ሰው ቁመት አልፎ ሲሄድ አንጋጣ ታያለች። ጌዴኦዎች ቡናውን፣ እንሰቱንና ትልልቁን ዛፍ አንድ ላይ አሳድገው የረገፈውን እንደረገፈ ይተዉታል። ለዚህ ቸልተኝነታቸው ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. መልክዓ ምድራቸውን በዓለም ቅርስነት መዘገበላቸው። ክብሪት ሳይጭሩ! ጎጃምና ጎንደር ውስጥ ዙሪያው ተራቁቶ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ የቀረውን ደን ገብቶ ያየ ሰው፣ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቅጠል ውስጥ ሲሰምጥ ምን ያህል እንደሚያፍር እገምታለሁ። ነፍሳቸውን ይማርና የአካባቢ ጥበቃ ሊቁ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የትግራይ ገበሬ ቅጠልና ፍግ አበስብሶ ኮምፖስት እንዲሠራ ሲደክሙ ኖረዋል፤ ኮምፖስት የገባበት ማሳ ምርቱ የኬሚካል ማዳበሪያ ከገባበት እንደማያንስም አሳይተዋል። ጋሼን ቢያማክሩ ኖሮ በአንድ ሣጥን ክብሪት ነገሩ ያልቅ ነበር።

እኔም ከነዚህ ኋላ ቀሮች አንዱ መሆኔን በኀፍረት እናገራለሁ። ከአቮካዶው ሥር፣ በአጥሩ ጥግ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ቦታ በእንጨት አጥሬ ቅጠሌን እዚያ እጥላለሁ። ደረቅ ቅጠል ብቻውን ሰነፍ ነው፤ ዓመት ይተኛል። የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ሲገኝ ደግሞ የዶሮ ኩስ ጣል አደርግበታለሁ፤ ሦስት እጅ ደረቅ ላይ አንድ እጅ ያህል እርጥብ። አይጥ እንዳይለምድ ሥጋና የተረፈ ወጥ አልጨምርም። ውሃ አርከፍክፌ በየሁለት ሳምንቱ በመንሽ እገለብጠዋለሁ። ክምሩ በደንብ ሲሠራ መሃሉ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ እጅ ቢያስገቡበት ያስነጥቃል። ጭስ ግን የለውም፤ ጭስ የሌለው ትኩሳት ለጎረቤት ምን ይታያል? በአራት ወይም በአምስት ወሩ ጥቁር፣ በጣት የሚፈረፈር፣ የመጀመሪያ ዝናብ የነካው መሬት የሚሸት አፈር ይወጣዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ይዘገያል፤ ቆራርጬ ነው የምቀላቅለው። ይኼን ሁሉ የዘረዘርኩት ማንም ሰው እንዳይሳሳትና እንዳይከተለኝ ነው።

በነገራችን ላይ የቦይ ወገኖችም አሉ። ቅጠሉን ጠርገው ከበር ውጭ ወዳለው የጎርፍ ቦይ ይከቱትና ሐምሌ ላይ ጎርፉ ሳሎናቸው ሲገባ መንግሥትን ይወቅሳሉ። ከእነሱ ትንሽ ከፍ የሚሉት ደግሞ ዛፉን ከሥሩ አስቆርጠው ግቢውን በሴራሚክ ያለበሱት ናቸው፤ በሴራሚኩ ዳር የፕላስቲክ ዛፍ ያቆሙና ቅጠሉን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ያስወለውላሉ። ጥላ ሲያምራቸው ዛፍ ያለው ሰው ቤት ይሄዳሉ። ሁሉም የራሱ ክብር አለው፤ ለእኔ ግን እንደ ጋሼ የሚሆን የለም።

ይኼን ውዳሴ ለመጻፍ የቸኮልኩትም ነገሩ አደጋ ላይ ስለወደቀ ነው። ልጃቸው የአምስት ወር ሕጻን ይዛ ከአሜሪካ መጣች። በመጀመሪያው ቅዳሜ መጥረጊያው ተሰማ፣ ዝምታው መጣ፣ ክብሪቱ ግን አልተጫረም። እኔም ከልማድ የተነሳ ሳልኩና አፈርኩ። በኋላ እንደሰማሁት ጋሼ «ሕጻኗ ጭስ አይስማማትም» ብለዋል። ለካ ጭስ የማይስማማው ሰው አለ!

በሦስተኛው ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሼ ከፊቴ ቆመዋል፤ ከጎናቸው እስከ አፋቸው ቅጠል የተጠቀጠቁ ሁለት ማዳበሪያዎች።

«አንተ ቆሻሻ ትወዳለህ አሉ» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ይግቡ።»

ገቡ። ዓይናቸው አቮካዶው ሥር ወደደፋሁት አፈር ሄደ። ጎንበስ ብለው ዘገን አደረጉ፣ በመዳፋቸው ፈረፈር አድርገው አሸተቱት።

«ይኼ ደግ አፈር ነው። ያ ባለመኪና ለእኔ የሚያመጣው እንዲህ አይደለም። ከየት ነው የምትገዛው?»

«አልገዛውም። አንድ የሰፈራችን ትልቅ ሰው በነጻ ይሰጡኛል። ድሮ በአጥር ላይ ነበር የሚያቀብሉኝ፤ አሁንማ እስከ በሬ ድረስ ተሸክመው ያመጡልኛል።»

ቀና አሉ። «በነጻ? በዚህ ኑሮ ውድነት እንዲህ ያለ ሞኝ አለ?»

«አሉ፣ ጋሼ።»

«አደራህን፣ ሲመጣ ጥራኝና አስተዋውቀኝ።»

ቅዳሜ ይመጣሉ አልኳቸው።